ሰማያዊው የሚመጣባቸው ሰዎች

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ሰው መሞቱን የሚያውቅ ኮምፒውተር ነበረ።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ልጄም ትስቃለች። ያኔ ግን ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ከውጨኛው ክፍል መስኮት ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እንደሚያንኮራፋ ሰው ይተነፍሳል። እኔ ወደ ደጅ ስወጣም ስገባም በፊቱ የማልፈው ግድግዳውን ታክኬ ነበር።

ኮምፒውተሩ የአክስቴ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ «እትዬ» ስለምትላት እኔም ሰፈሩም እትዬ እንላታለን። እኔና እናቴ የምንኖረው እሷ ቤት ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ መኝታችን፣ ከመጋረጃው ወዲህ የእትዬ ሥራ ቦታ። እናቴ ልብስ መተኮሻ ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ ወደ ቤት ስትመለስ የጋለ ጨርቅ ትሸታለች። እትዬ ግን ከቤት አትወጣም። ሰዎች የተቀደደ፣ የተጨማደደ፣ ውኃ የነካው ፎቶ ያመጡላታል፤ እሷ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባውና ጭረቱን በማውስ እየነካካች አዲስ ታደርገዋለች።

በቁም ያሉ ሰዎች የሚያሠሩት ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለሥራ ማመልከቻ። ትንሽ ናት፣ ቶሎ ታልቃለች። ሟች ግን በትልቁ ነው የሚሠራው፤ ፍሬም ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ለሟች የሚመጡ ሰዎች ገና በሩ ላይ ያስታውቃሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ፎቶውን ከቦርሳቸው የሚያወጡት በመሐረብ ጠቅልለው ነው። እትዬ ወንበር ከማቅረቧ በፊት ራዲዮኑን ትቀንሳለች።

አንዲት ሴትዮ አስታውሳለሁ። ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ የሚያምር ሰዓት ያሰሩ ሴት ነበሩ። «ቶሎ ብታደርሺልን፤ ልጆቹ ገና አልሰሙም» አሏት።

«እንዴት አልሰሙም?» አለች እትዬ።

«አባታችሁ ሆስፒታል ነው፣ ደህና ነው እያልናቸው ነው። ፈተና ላይ ናቸው፣ እስኪጨርሱ ብለን ነው።»

እኔ መጋረጃው ሥር ተቀምጬ የፕላስቲክ ክዳኖች እደረድር ነበር። «ሆስፒታል ነው፣ ደህና ነው» የሚለውን ያን ቀን ያዝኩት። ትልልቅ ሰዎች እንደዚህ የሚሉት ሰው ሲሞት ነው ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ሰማያዊውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እትዬ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ስትሠራ ነው። ግንባራቸው ላይ ያለውን ጭረት አጥፍታ፣ ፎቶውን ለፍሬም በሚሆነው ልክ አሳደገችው። ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው። ድንገት ከድምፅ ማጉያው «ዝዝዝ» የሚል የንብ ድምፅ ወጣ፤ ሽማግሌው ጠፉ፤ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ሆነ። የሰማይ ሰማያዊ አይደለም። የብዕር ቀለም ፈስሶበት ያልለቀቀ የኪስ ጨርቅ የሚመስል፣ ጥልቅ የሆነ ሰማያዊ ነው። በላዩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ተደርድሯል። ማውሱ አይታዘዝም። ጽሑፉ ግን ዝም ብሎ ያያችኋል።

እትዬ ሁለት እጇን አነሳች። «ኧረ አባቴ! ምን አስቀየምኩዎት? ሽበትዎን እንኳ አልነካሁብዎ!»

እናቴ ከውስጥ ሆና ሳቀች። «ፎቶ አይወዱ ይሆናል እኮ፣ እትዬ። ይለፉኝ በያቸው።»

«በቁማቸውም እንዲህ አስቸጋሪ ነበሩ መሰለኝ!»

ሁለቱም ተሳሳቁ። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። እትዬ ያናገረችው ሽማግሌውን ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ በነጭ ጽሑፍ መልሰውላታል። የጻፉት ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ አላነብም ነበር።

ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት አላነበብኩም። እናቴ ከታመመች በኋላ ቤት ውሎ የሚያስታምማት ሰው ስላስፈለገ ትምህርት ቤት ሳልገባ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት እኔም በተራዬ ልጅ ወልጄ፣ ከሥራ መልስ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። በቅርቡ የልጄ ኮምፒውተር ያንኑ ሰማያዊ አመጣ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ቋንቋው የእኛ አይደለምና ምን እንደሚል ልጄን ጠየቅኳት።

«‹ችግር ገጥሞኛል፤ የባሰ ጉዳት እንዳይደርስ ብዬ ቆሜያለሁ› ነው የሚለው» አለችኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ‹አጥፍተሽ መልሰሽ አብሪኝ› ነው። እማ፣ ምን ሆነሻል? ላብ በላብ ሆነሻል እኮ።»

ይህን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር። ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም። ይልቅ እኔው በራሴ መመልከት ጀመርኩ። ጉርድ ፎቶ ሲሠራ ሰማያዊው አይመጣም። ሟች ሲሠራ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ይመጣል። አንድ ቀን እትዬ ራሷ ለእናቴ እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦ «ይገርምሻል፣ በቁም ያለ ሰው ላይ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ሟች ስከፍት ብቻ ነው።»

«እትዬ!» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «ልጅቷ ትሰማለች።»

ዝም ባታሰኛት ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። ዝም ስላሰኘቻት ግን እውነት መሆኑን አወቅኩ።

እናቴ መታመሟን መጀመሪያ ያወቅኩት በእጇ ነው። ስትሄድ አንድ እጇ ጎኗን ይዞ ይሄዳል፤ የሚወድቅ ዕቃ ከቀሚሷ ሥር የደበቀች ይመስል። ከዚያ ሥራ መሄድ አቆመች። ከዚያ የጋለ ጨርቅ መሽተት አቆመች። ጎረቤቶች እየመጡ ከመጋረጃው ወዲያ ይንሾካሾካሉ። «በቀዶ ሕክምና ይወጣል ብለዋል» ይላሉ። «ካልዘገየ ነው እንጂ» ይላሉ። እኔ ስገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ «ሚጢጢ! አደግሽ እኮ!» ይሉኛል። ሚጢጢ የቤት ስሜ ነው። አላደግኩም ነበር፤ ትናንትም አይተውኛል።

ሆስፒታል ልትገባ ስትል፣ ከእትዬ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ ሰማሁ።

«ደህናውን ምረጪልኝ። ከመክሳቴ በፊት ያለውን።»

«ዝም በይ! እንዲህ ያለ ወሬ እዚህ ቤት አይወራም።»

«እትዬ፣ ኋላ ከየት ታመጫለሽ? አንቺው ሠርተሽ አስቀምጪልኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካካው።»

እትዬ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። እኔ ስለ ቀሚስ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። እትዬ እውነቱን የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። እናቴ ከሆስፒታል ካልተመለሰች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የራሷን ፎቶ ነበር ያዘዘችው። ምናልባት ቢያስፈልግ ብላ፤ እህቷ ለቅሶ ላይ ሆና ፎቶ ፍለጋ እንዳትንከራተት ብላ።

እናቴ ጠዋት ሄደች። ትንሽ ቀን ነው አለችኝ። በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ አንገትጌዬን አስተካከለችልኝ። ወጣች፤ እንደገና ተመለሰች። በሁለተኛው ምንም አላስተካከለችም፤ ዝም ብላ ቆማ አየችኝና ሄደች።

እትዬ ስለ ቀዶ ሕክምናው ስጠይቃት «እናትሽ ሆስፒታል ናት፣ ደህና ናት» አለችኝ።

ቃሉ ያው ነበር። ባለ ጥቁር መነጽሯ ሴትዮ ያሉት፣ ልጆቹ ገና ያልሰሙት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከደጅ ስገባ እትዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራለች። ራዲዮኑ ተቀንሷል። ደንበኛ ግን የለም። ከእትዬ ትከሻ በላይ ስክሪኑን አየሁ፤ እናቴ ናት። ፎቶውን አውቀዋለሁ። ጎረቤት ግቢ ውስጥ የተነሳነው ነው። እናቴ ተቀምጣ ትስቃለች፣ እኔ ከኋላዋ ተንጠልጥያለሁ፣ እጄ ትከሻዋ ላይ ነው።

አሁን እኔ የለሁም። ፊቴ ከፎቶው ላይ ጠፍቷል። የቀረው እጄ ብቻ ነው። እትዬ ማውሱን ጠቅ፣ ጠቅ ስታደርግ አውራ ጣቴ ጠፋ። ጠቅ፣ ጠቅ። ሌሎቹ ጣቶቼም ጠፉ። እጄ በነበረበት ቦታ የእናቴ ቀሚስ ብቻ ሆነ፤ ነክቻት የማላውቅ ይመስል።

እጄን ብብቴ ሥር ደበቅኩ።

እትዬ ፎቶውን አሳደገችው። የእናቴ ፊት ከጉርድ በለጠ፤ ከመስታወት በለጠ፤ ስክሪኑን ሞላው። ሟቾች በሚያክሉት ልክ አከለ። «ዝዝዝ» አለ ድምፅ ማጉያው። እናቴ ሰማያዊ ሆነች።

እትዬ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ያለቀሰችው በማሽኑ አልነበረም፤ አሁን አውቃለሁ። ገና በሕይወት ያለች እህቷን ለግድግዳ ስታዘጋጅ እጇ እንዴት እንደታዘዘላት ራሷም አታውቅም። እኔ ግን ስታለቅስ አየሁ፤ ነጩን ጽሑፍም አየሁ። የቀረ ነገር አልነበረም። ድምፅ ሳላሰማ ወደ ደጅ ተመልሼ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው በመንገድ ላይ ያልፋል። አንድ ሰውዬ ብስክሌቱን እየገፋ ያፏጫል። ሁሉም ነገር እንደ ነበረ መሆኑ ነው በጣም ያስፈራኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። በዚያ በጠፋው እጄ መብላትም ተውኩ፤ ቀጥሎ የሚጠፋው እሱ ነው ብዬ ሸሚዜ ውስጥ እይዘዋለሁ። እትዬ ወለምታ መስሏት ቅባት ታሽልኝ ነበር። «የት ወድቀሽ ነው? ተናገሪ እንጂ! ምላስሽንም ወለም አለሽ?» ትለኛለች። ቅባቱ ያቃጥላል። እኔ ጣቶቼን እያየሁ መኖራቸውን አረጋግጣለሁ።

አንድ ቀን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። «እናትሽ ናት። አናግሪያት።»

«ሚጢጢ» አለ ስልኩ። «እኔ ነኝ።»

የእናቴ ድምፅ አልነበረም። የተሰነጠቀ፣ ሻካራ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶ እንደነበር ያኔ ማን ይንገረኝ? ስልኩን ለቀቅኩት። በሽቦው ተንጠልጥሎ ግድግዳውን እየመታ «ሚጢጢ? ሚጢጢ?» ይል ነበር።

«አፍራ ነው» አለች እትዬ አንስታ። «አይዞሽ፣ ስትመጪ አትለቅሽም።»

ስትመጪ። ቀኔን ሙሉ ያን ቃል ስፈራ እውል ጀመር። ትመጣለች ማለት ነው። ሰማያዊ የሆነች ሰው ትመጣለች።

በዚህ መሃል ኮምፒውተሩ እየባሰበት ሄደ። የሟች ፎቶ አንዱም አልጨረስ አለ። እትዬ መጨረሻ ላይ ጠጋኙን ጠራችው። ሰፈሩ «እፍ እፍ» ነው የሚለው፤ የየትኛውንም ማሽን ሆድ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው እፍ ማለት ስለሆነ። ሰፊ ጉንጭ ያለው፣ ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው ነበር። የኮምፒውተሩን ጎን በካቻቢቴ ፈትቶ አወጣና እፍ! አለ። ግራጫ አቧራ ክፍሉን ሞላው።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ በግ ነው እንዴ የምታረቢው?»

«አፍህን ያዝና ሥራ።»

እኔ ከጠረጴዛው ጎን፣ ባዶ ፍሬሞች ተደግፈው በሚቀመጡበት ጥግ ቆሜያለሁ። የማሽኑን ሆድ ማየት ፈርቻለሁ፤ አለማየትም ፈርቻለሁ። ውስጡ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ሽቦ፣ የምትሽከረከር ትንሽ ማራገቢያ ብቻ ነው። ሰው የለበትም።

«መቼ መቼ ነው ሰማያዊው የሚመጣው?» አላት።

እትዬ እኔን አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሟች ስከፍት።»

ካቻቢቴው ቆመ። «እንዴት?»

«በቁም ያለ ሰው ላይ አይመጣም። ሟች ላይ ነው። ምን ላድርግህ፣ ያየሁትን ነው የምነግርህ።»

እፍ እፍ አገጩን አሻሸ። «በቁም ያለውን ሰው በምን ልክ ነው የምትሠሪው?»

«ጉርድ ነዋ።»

«ሟቹንስ?»

«ለፍሬም ነው፤ በትልቁ።»

ሰውየው መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ እትዬን አይቶ ተወው። «እንግዲያው ሟቹ አይደለም። ትልቅነቱ ነው። ትልቅ ፎቶ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። ማሽኑ ሥራውን የሚይዝባቸው ሁለት ሰሌዳዎች አሉ፤ አየሻቸው፣ እነዚህ። ትንሽ ሥራ ሲሆን ደህናው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ትልቅ ሲሆን ተርፎ ወደ ተበላሸው ይሄድና ያኔ ይቆማል። ከሁለቱ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ እያወጣሁ አያለሁ።»

እትዬ «ኧረ ተው!» ብላ ደረቷን ያዘች። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ከዚህ በላይ ምንም አልነበረም። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቃል ግን አልገባኝም። መኪና ከደጅ ስለቆመ ነው።

በሩ ተከፈተ። ብርሃኑ ከኋላዋ ስለነበር መጀመሪያ ያየሁት ቀሚሷን ነው። የእናቴ ቀሚስ ነው፤ ሚስማር ላይ እንደ ተሰቀለ ግን ባዶውን ይንጠለጠላል። ከዚያ ፊቷ። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ዓይኗ ትልቅ ሆኗል፣ መልኳ ሰም መስሏል። በአንድ እጇ የበሩን መቃን ይዛለች።

«ሚጢጢ» አለ ያ የስልኩ ድምፅ።

ጮህኩ። ወደ ኋላ ስሸሽ ፍሬሞቹን ጣልኳቸው። አንዱ ተሰበረ። ግድግዳውና ጠረጴዛው መሃል ገብቼ ቁጢጥ አልኩ።

እትዬ «ምን ነካሽ! እናትሽ ናት!» እያለች ልትጎትተኝ መጣች።

«አይደለችም! ሞታለች!»

እትዬ መሃል ላይ ቆመች።

«ምን ዓይነት አፍ ነው አንቺ ልጅ! አፍሽን በቁንጥጫ ነው—»

«ተያት፣ እትዬ» አለች እናቴ። ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጣች፤ ስጮህ ወደ ደፉ ተመለሰች። «ሚጢጢ፣ ማነው የነገረሽ?»

«ሰማያዊ ሆነሻል። እዚያ ላይ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

እናቴ እህቷን አየቻት። እህቷ ወለሉን አየች።

«ሠራሽው እንዴ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«አልጨረስኩትም።» እትዬ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «አልጨርስ ብሎኝ ነው። እሰይ እንኳን አልጨረስኩት።»

«ክፈቱት!» አልኩ ከጥጌ። «ሰማያዊ ካልሆነ እወጣለሁ።»

«አልከፍትም» አለች እትዬ። «አንቺ በቁምሽ እያለሽ ያንን ፎቶ እዚህ ቤት አልከፍትም! እጄ ይቆረጥ!»

አልከፍትም ማለቷን እኔ የተረዳሁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሰማያዊ እንደሚሆን ታውቃለች። እናቴ መቃኑን እንደያዘች ቆማለች። ወንበር ቢያቀርቡላትም አልተቀመጠችም። ወንበሩ ወደ እኔ ቅርብ ስለነበር ነው።

«ክፈቺላት» አለች። «ልጄ የምትመጣው በሱ ከሆነ ክፈቺላት።»

እፍ እፍ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «እሜቴ፣ አሁን ከከፈትነው ያው ሰማያዊው ነው የሚመጣው። አንድ አፍታ ስጡኝ።» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ሚጢጢ፣ እይኝ። ይቺን አወጣለሁ። እሺ?» ማሽኑን አጥፍቶ ከሆዱ የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን ሰሌዳ ነቀለና እግሮቿን በላጲስ ጠርጎ ኪሱ ከተታት። ማሽኑን አበራው። አንኮራፋ። እትዬ እያለቀሰች ማውሱን ያዘች።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ። ፀጉሯ። ግንባሯ። ቅንድቧ። ዓይኖቿ ሲመጡ ትንፋሼን ያዝኩ። አፍንጫዋ።

«ዝዝዝ።»

ሰማያዊ።

የጮህኩትን ጩኸት ራሴ አላስታውሰውም። እትዬ ናት የነገረችኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ መስሎት ወጣ አለች። እናቴ በመቃኑ ተንሸራታ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«በጣም ጥሩ!» አለ እፍ እፍ። ፊቱ በርቷል። «በጣም ጥሩ ነው!»

«ምኑ ነው ጥሩ?» ብላ ጮኸችበት እትዬ። «አንተ ሰውዬ አንጀት አልፈጠረብህም? ምኑ ነው ጥሩው?»

«ጥፋተኛውን ያዝኩታ! ያወጣሁት ደህናው ነው፤ ውስጥ የቀረው ነው የተበላሸው። ዞር በይልኝ፣ ዞር በይልኝ፣ እትዬ!»

ማሽኑን አጠፋው። ላብ ከግንባሩ ወደ ማሽኑ ሆድ እንዳይንጠባጠብ በክንዱ እየጠረገ የቀረውን ነቀለ፤ ከኪሱ ያወጣውን ሰካ። አልገባ አለው። እፍ አለበት። ገባ። ማሽኑ ጮኸ፣ ጠፋ፣ እንደገና በራ። ደጅ ላይ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች በእናቴ ራስ በላይ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ሆና «ሚጢጢ» አለችኝ። «ልግባ ወይስ ገና ነኝ?»

ስክሪኑን እያየሁ ነበር።

ዛሬ ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ስትዘገይ መንገድ ዳር ወጥቼ የምቆም እናት ነኝ። ሳል ሲይዛት እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ ማንሳት ያቅተኛል። ስለዚህ ያን ደፍ አስበዋለሁ። ሆዷን ተቀድዳ፣ የሆስፒታሉን ቀን ቆጥራ፣ በመኪና ተንገጫግጫ ልጄ ዘንድ ደረስኩ ስትል፣ በሕይወት መኖሯን ማሽን እስኪመሰክርላት ድረስ ከራሷ ልጅ ፊት ለፊት ደጅ ላይ ጠበቀች። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር አንስታብኝ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች።

ፎቶው መምጣት ጀመረ። ፀጉሯ። ግንባሯ። ዓይኖቿ። አፍንጫዋ። እትዬ ማውሱን ለቅቃ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። የሚስቀው አፏ መጣ። አገጯ። አንገቷ። ባዶው ትከሻዋ። እስከ ታችኛው ጠርዝ ወረደ፤ እዚያ ቆመ። ጠበቅን። ማራገቢያው ይሽከረከራል። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። እናቴ ስክሪኑን ሞልታ፣ ወፍራ፣ እየሳቀች ቀረች።

እፍ እፍ ቀስ ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ፤ የዚያን ጊዜ እንኳ እፍ ያለ መሰለኝ።

ከጥጌ ወጣሁ። በተሰበረው መስታወት ላይ እየዘለልኩ ሮጥኩና ወገቧን አቀፍኳት። «እእ» አለች፤ የተሰፋው ቦታ ላይ ነበር ያቀፍኳት። ግን አላስለቀቀችኝም። የመድኃኒት ሽታ ነበራት። ከሥሩ፣ ከአንገቷ አጠገብ፣ የእሷ የራሷ ሽታ ነበረ። እጆቿ ጀርባዬ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በርዷት መስሎኝ አጥብቄ ያዝኳት።

እትዬ ከኋላዬ «ልዝጋው?» አለቻት።

ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። በራሴ በላይ ወደ ስክሪኑ ታያለች። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ዓይኗን ሳትነቅል፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ የማታውቀው ሰው ቤት ገብታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ እንደምታይ ሰው።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።

ፎቶው ስላማረላት ደስ ብሏት መሰለኝ።